እኔ የያዝኩት ቃለ ጉባኤ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቴ ልጆች ኬክ አስቆርሰው፣ ጋቢ አልብሰው «እትዬ አስካለ፣ ከሥራ ዘመንዎ የማይረሱትን አንድ ነገር ይንገሩን» አሉኝ። ስለ አሰብ ሙቀት ቀልጄ አሳቅኳቸውና ተቀመጥኩ። የማልረሳውን አልነገርኳቸውም። ኬክ በእጁ ለያዘ ሰው የሚነገር አይደለም። አሁን ጊዜ ተርፎኝ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስጽፈው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ጅቡ በነበረበት ጊዜ አልጮህኩም፤ የምጽፈውም ይህንኑ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ኮምቦልቻ፣ በአንድ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ብርጭቆ አጣቢ ሆኜ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ማኅተም ያላረፈበትን ነገር የማያምን ሰው ነበር፤ ዝናብ መዝነቡን እንኳ በደብዳቤ ቢገልጹለት ይመርጥ ነበር። በማታ ትምህርት ቴክኒሻን ሆኜ ስጨርስ አሰብ ክፍት ቦታ አለ፣ የበረሃ አበልም አለው ተባልኩ። አበሉ እውነት ነበር፤ በረዶና ውሃ ስገዛበት አለቀ እንጂ።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን የሄድኩት ለአበሉ አይደለም። ታላቅ ወንድሜን ደሴ ላይ ከቤት ወስደውት አልተመለሰም። ያስወሰደው አንድ ወረቀት ነው፤ ስሙ ከሌሎች ስሞች ጋር የተገኘበት፣ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልገባን ወረቀት። እናቴ «አንቺ እንኳ ከዚህ ራቂልኝ» አለችኝ። አሰብ ሩቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰው ስም የተደረደረበት ወረቀት ባየሁ ቁጥር ባር ባር ይለኛል። የዕድል ነገር ሆኖ ሥራዬም የሰው ስም ወረቀት ላይ መጻፍ ሆነ።

የተመደብኩበት ተቋም ለወደብና ለፋብሪካ የሚሆኑ ቴክኒሻኖችን በዲፕሎማ የሚያስመርቅ ነበር። መምህራኑ ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከሐረር፣ ከአሥመራ፣ ጥቂቶቹም የዚያው የባሕር ዳርቻ ልጆች። እኔ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪው ቴክኒሻን ነበርኩ። የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብሎ ደግሞ የስብሰባ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረጉኝ። ያኔ አሰብ ውስጥ ከዓሣ ስብሰባ ይበዛ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን የውይይት ክበብ አለ፤ እዚያ ሰው ተነስቶ ሌላውን ይሄሳል፣ ከዚያም ግለሂስ ያደርጋል፣ ማለትም የገዛ ጥፋቱን ይናዘዛል። ሁሉም የማያስከስሰውን ትንሽ ጥፋት መርጦ ማምጣት ለምዶ ነበር። ተወዳጁ ጥፋት ማርፈድ ነው። ከሁላችን ቀድሞ ገብቶ በር የሚከፍተው ዘበኛ እንኳ ተራው ሲደርስ ተነስቶ «አርፍጃለሁ፣ አስተካክላለሁ» ብሎ ይቀመጥ ነበር። እኔም እጽፈዋለሁ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ይርዳው ይባላሉ፤ እኛ ጋሽ ይርዳው እንላቸዋለን። ቀጭን፣ ቁጡ፣ በዚያ ሐሩር የሞቀ ውሃ የሚጠጡ ሰው ነበሩ። አዲስ እርሳስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርጉት ጫፉ ላይ ያለችውን ላጲስ በምላጭ ቆርጠው መጣል ነው። በሳቸው ላቦራቶሪ ቁጥር አይፋቅም። የተሳሳትሽ እንደሆነ በላዩ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ታሰምሪያለሽ፤ ስህተቱ ከመስመሩ ሥር መነበብ አለበት። ትክክሉን ከጎኑ ትጽፊያለሽ፣ ትፈርሚበታለሽ። በመጀመሪያው ሳምንቴ አንድ ቁጥር በምላጭ ፍቄ ያዙኝ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስተው የሳሳውን ቦታ አዩት።

«እዚህ ጋ ምን ነበር?»

«ስህተት ነው፣ ጋሼ።»

«እሱን እኮ ነው የምፈልገው! ትክክሉንማ ከመጽሐፍ አገኘዋለሁ።»

ሥራን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የፈሳሽን ልክ ስታነቢ ጎንበስ ብለሽ ዓይንሽን ከውሃው እኩል ማድረግ፣ አሲድን ወደ ውሃ እንጂ ውሃን ወደ አሲድ አለማፍሰስ፣ ቀለሙ ሊለወጥ ሲል እጅን ቀስ አድርጎ ጠብታ በጠብታ መጠበቅ። ሲቆጡ ያስፈራሉ፣ ግን የሚቆጡት በተደበቀ ስህተት ላይ ብቻ ነበር። በተነገረ ስህተት ላይ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም።

የጉባኤው ሐሳብ የመጣላቸው በረዶ ቤት ሰልፍ ላይ ነው። የብየዳ መምህሩ አቶ ተክሌ ከፊታቸው ቆሞ ስለሚበሳሱበት ቱቦዎች ሲያማርር ሰሙት። የኛ ላቦራቶሪም ዓመት ሙሉ ሲታገል የነበረው ከዚያው ነገር ጋር ነው፤ የባሕር ውሃ ከሚያልፍባቸው ቱቦዎች ዝገትና ውስጣቸውን ከሚደፍነው ድንጋይ መሰል ቅርፊት ጋር። የብየዳው ክፍል ከኛ ሃያ እርምጃ ይርቃል። ጋሽ ይርዳው ሳምንቱን ሙሉ «ሃያ እርምጃ!» እያሉ ሲበሳጩ ከረሙ። ከዚያ መምህራኑ የየራሳቸውን ጥናት ለራሳቸው ሰዎች የሚያቀርቡበት የውስጥ የጥናት ጉባኤ በየሦስት ወሩ ይኑረን አሉ። እንግዳ የለም፣ መፈክር የለም፤ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ።

ለዚያም ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። የተቋሙ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ደምሰው ይባላል፤ በፊት የጂኦግራፊ መምህር ነበር። «ማን ምን ሊናገር ነው?» አለ። «የሚሠራውን» አሉት ጋሽ ይርዳው። ብዙ አሰበና እሱም ከተገኘ እንደሚፈቅድ ተናገረ።

ሙቀቱ ሳይበረታ ብለን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በንድፍ ክፍሉ ተሰበሰብን። ሰው ሁሉ ከኋላ ወንበር ጀምሮ ሞላ። ጓድ ደምሰው ፊት ለፊት ብቻውን ተቀመጠ። ጋሽ ይርዳው ተነስተው ደንቡን ተናገሩ። «አንድ ደንብ ብቻ አለን። ማንም ያገኘውን ከመናገሩ በፊት ያልሠራለትን ይናገራል። ምን ሞከረ፣ ምን ተበላሸ፣ ለምን ተበላሸ። የማይሠራውን መንገድ ካልነገርከው ጎረቤትህ ነገ በዚያው ይሄዳል።»

ሁላችንም ምን እንዳሰብን አውቃለሁ። ጥፋትን ቆሞ መናገር የምናውቀው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። እሳቸው ግን የራሳቸውን ጀመሩ፤ በአንድ ከንቱ ሙከራ ላይ እንዴት አምስት ወር እንዳባከኑ ሲያወሩ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተከተለው። ከዚያ መሐመድ ኑር ወጣ።

መሐመድ ኑር የውሃ ጥናት መምህር ነው። በዚያው ባሕር ዳርቻ፣ ጥዖ የተወለደ የዓሣ አጥማጅ ልጅ፤ አዲስ አበባ ተምሮ ወደ ባሕሩ የተመለሰ። ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ጠመኔውን ይዞ እንዲህ አለ፦

«ቱቦውን የዘጋውን ቅርፊት በአሲድ ላነሳ ሞከርኩ። አሲዱን አበረታሁት፤ አቆየሁትም። ቅርፊቱ ለቀቀ፣ ቱቦውም አብሮ ተበሳ። ውሃው በቀዳዳው ፈሶ ፓምፑ በደረቁ ሲዞር ቆይቶ ተቃጠለ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቸኩያለሁ።»

ከዚያ የሚሠራውን ነገረን። አሲዱን በብዙ ውሃ ማቅጠን፣ አስቀድሞ ከቅርፊቱ ቁራጭ ወስዶ ብርጭቆ ውስጥ መሞከር፣ አረፋው የሚቆምበትን ጊዜ በሰዓት መያዝ፣ ከዚያ ጊዜ ሳያልፉ ቱቦውን ማጠብ። አቶ ተክሌ ከኋላ ብድግ አለና «ወይኔ! እኔ በስብሷል ብዬ ቆርጬ ስጥል የነበረው ቅርፊት ብቻ የደፈነውን ደህና ቱቦ ነዋ!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሚቀጥለው ሳምንት መምህራን አንዱ የሌላውን በር ሲያንኳኩ አየሁ። አሰብ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ወረቀት ብርቅ ነበር። እኔ ጋ የነበረው ለውይይት ክበቡ ተብሎ የተባዛ ቅጽ ብቻ ነው። ዓምዶች አሉት፦ ስም፣ የተሰነዘረ ሂስ፣ ግለሂስ፣ ውሳኔ። ለጉባኤው ቃለ ጉባኤ ይህንኑ ተጠቀምኩ። ጥያቄና አስተያየቱን «ሂስ» ሥር አሰፈርኩ፣ ውጤቱን «ውሳኔ» ሥር፣ ያልሠራላቸውን ደግሞ «ግለሂስ» ሥር። ልክክ ብሎ ገባ። እንዲያውም ቅጹ ለዚህ የተሠራ መስሎኝ ኮራሁ። በካርቦን ሦስት ቅጂ አወጣሁ፤ አንዱ ለጋሽ ይርዳው፣ አንዱ ለመዝገብ ቤት፣ አንዱ ለፖለቲካ ጽሕፈት ቤቱ። ሦስተኛውን ማንም አልጠየቀኝም። የስብሰባ ወረቀት ሁሉ ወደዚያ ስለሚሄድ እግሬ በልማድ ወሰደኝ። ጓድ ደምሰው ፈርሞ ተቀበለ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ አንዲት ላንድሮቨር ግቢው ውስጥ ገባች። ሁለት ሰዎች መሐመድ ኑርን ከማስተማሪያ ክፍሉ ጠርተው ይዘውት ሄዱ። እጁ ላይ የነበረውን ጠመኔ በር ላይ ለቆመ ተማሪ ሰጥቶ ሲወጣ በላቦራቶሪው መስኮት አየሁት።

ለምን እንደተወሰደ አላወቅሁም ነበር። የነገረኝ ጓድ ደምሰው ነው። ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ ወዲያ ወዲህ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አስካለ፣ ምን ብለሽ ነው ያንን ወረቀት የላክሽልኝ?» አለኝ። «የመንግሥት ፓምፕ አቃጥያለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ በግለሂስ ዓምድ ላይ! እጄ ከገባ በኋላ አላየሁም ማለት እችላለሁ? ፈርሜ እኮ ነው የተቀበልኩሽ!» ሸሚዙ በላብ ረጥቦ ነበር። እሱም እንደኔ እንደሚፈራ ያወቅኩት ያኔ ነው። የወንድሜን ስም ወረቀት ላይ የጻፈው ሰው ማን ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት ስረግመው ኖሬአለሁ። ምናልባት እሱም እንደኔ የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ሰው ነበር።

በሦስተኛው ቀን እኔም ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ቢሮ ተጠራሁ። ጠረጴዛው ላይ የኔው ወረቀት አለ። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ።

«ጽሑፉ ያንቺ ነው?»

«አዎ።»

«ይህን ቃል ተናግሯል?»

«ተናግሯል።»

«ግለሂስ ነው ያደረገው?»

መልሱን አውቀው ነበር። አይደለም፣ የጥናት ወግ ነው፣ በተሳሳተ ቅጽ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለት ነው፤ አንድ ትንፋሽ የማይፈጅ ነገር። ግን እንዲያ ካልኩ ጥፋተኛዋ እኔ እሆናለሁ፣ የወንድሜም ነገር ይነሳል፣ እናቴም ሁለተኛ ልጇን ታጣለች ብዬ አሰብኩ። ዝም አልኩ። ሰውየው ትንሽ ጠበቀኝና አንድ ነገር ጽፎ «ልትሄጂ ትችያለሽ» አለኝ። በዚያ በር ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ተቋሙ ተዘጋጋ። መምህራን በራቸውን ቆልፈው መሥራት ጀመሩ። አቶ ተክሌ ማስታወሻ ደብተሩን በብየዳው እሳት አቃጠለ። አንዱ መምህር ላቦራቶሪ ድረስ መጥቶ ላጲስ አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የሚያናግረኝም ጠፋ፤ እኔ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። አልፈረድኩባቸውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ እኔ ደግሞ ከአፋቸው የወጣውን እየለቀምኩ የማደርስ ሰው ሆኜ ነበር።

ጋሽ ይርዳው ሦስት ጊዜ አቤቱታ ጻፉ። ሦስቴም የተመለሰላቸው መልስ አንድ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ይናገራል። እኔን ግን አንድ ቀን አልወቀሱኝም፣ አልለመኑኝምም። አንድ ጠዋት ስገባ ብቻ የቃለ ጉባኤው የሳቸው ቅጂ በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ብዕር በላዩ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ገብቶኛል። አልነካሁትም። አቧራ ስጠርግ ከነብዕሩ አንስቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሁለት ወር ያህል እንዲህ አደረግኩ።

ሁለተኛው ጉባኤ ሳምንት ሲቀረው የመሐመድ ኑር ሚስት ፋጡማ ወደ ላቦራቶሪው መጣች።

«ሰላም አለይኩም፣ አስካለ።»

«አለይኩም ሰላም። ግቢ፣ ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። «የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። እኔ ማንበብ አልችልም። ምን አለ? እንዳለው አድርገሽ ንገሪኝ።»

ቃል በቃል ነገርኳት። ስለ አሲዱ፣ ስለ ቱቦው፣ ስለ ፓምፑ። ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ያለ መስሏት ጠበቀች።

«ይኼ ብቻ?»

«ይኼ ብቻ።»

«ይኼንንማ ለኔም ነግሮኛል። ፓምፑ የተቃጠለ ቀን ምሳውን ትቶ ተኛ። ልጅ የሞተበት ይመስል ነበር።» ሻሿን አስተካከለች። «ለነሱስ ነገርሻቸው? የሥራ ወሬ መሆኑን?»

«አልጠየቁኝም» አልኳት።

ፊቴን አየችው። እንደዋሸሁ ገብቷታል። «አላህ ይርዳሽ» ብላኝ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የጉባኤው ተናጋሪዎች ስም ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። ያለበት ስም አንድ ብቻ ነው፤ የጋሽ ይርዳው። ሰው ሁሉ ሰሌዳውን እንዳላየ ያልፈዋል። ፋጡማ በወጣች በማግሥቱ ሄጄ ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ። ጽሑፌ የኔ አልመስል አለኝ።

በጉባኤው ዕለት ክፍሉ ሞላ፤ ምን እንደምል ለማየት የመጣ ይበዛል። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ አልነበረም፤ ያዧ መድረክ ላይ ነበረች። ጓድ ደምሰው እንደ ድሮው ፊት ለፊት ተቀምጧል።

«ያልሠራልኝን ልናገር» አልኩ። «ያልሠራልኝ ቃለ ጉባኤው ነው። የጥናት ጉባኤን በውይይት ክበብ ቅጽ ላይ ጻፍኩት። መሐመድ ኑር ግለሂስ አላደረገም። የጉባኤውን ደንብ ፈጸመ። ንግግሩን ግለሂስ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ በብዕሬ። ስጠየቅም ዝም አልኩ። ስህተቱ የቃለ ጉባኤ ያዧ ነው።»

ጠረጴዛዬ ላይ የከረመውን ቃለ ጉባኤ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። «ግለሂስ» በሚለው ቃል ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አስምሬ፣ ከጎኑ «ያልሠራ ሙከራ» ብዬ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ማንም አላጨበጨበም፤ የኔን ዓይን ያየም የለም።

ጓድ ደምሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «በጽሑፍ አለሽ? ቅጂ?»

«ሦስት።»

ብድግ ብሎ መጣና አንዱን ተቀበለ። እዚያው ሁሉም ፊት ፈረመ። «ተቀብያለሁ» አለ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ። ያንንም አላየሁም ማለት እንደማይችል ገባኝ።

በዚያው ቀን ቅያሪ ልብስና ሳሙና በዘንቢል አድርጌ በቤቴ በር ሥር አስቀመጥኩ። መኪና በመጣ ቁጥር ላንድሮቨር ይመስለኛል። የጠሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያው ሰውዬ፣ ያው ወንበር።

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ።»

ጻፈው። በየትኛው ዓምድ እንደጻፈው አላየሁም።

መሐመድ ኑር ከአንድ ወር በኋላ ተፈታ። የኔ እርማት ይሁን፣ የጋሽ ይርዳው አቤቱታ ይሁን፣ ወይስ የአንድ ሰው ልብ ስለራራ ብቻ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያኔ ምክንያት የሚነግርሽ አልነበረም። ክስቶ፣ ፀጉሩ ተላጭቶ መጣ። ክፍሉ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ተይው፣ አስካለ። አልፏል» አለኝ። በትህትና ነው ያለኝ፤ ቁጭ በይ ግን አላለኝም።

ሦስተኛው ጉባኤ ሲደርስ በገዛ ፈቃዱ ተመዘገበ። ጋሽ ይርዳው ደስታቸውን መሸሸግ አቅቷቸው ጠዋቱን ሙሉ ሲያፏጩ ነበር። ጥናቱ ስለ ጉድጓድ ውሃ ጨዋማነት ነው። ሙከራው ስንት ጊዜ እንደከሸፈበት አውቃለሁ፤ ዕቃውን የምሰጠው እኔ ነኝ፣ የተበላሸውንም የምደፋው እኔ ነኝ። አንድ ሙሉ ወር የለካው ሁሉ ተሳስቶ እንደገና ጀምሯል።

ጠመኔውን አነሳና ወደ ሰሌዳው ዞረ። «የጥናቱ ውጤት የሚከተለው ነው» አለ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጻፈ። ጥሩ ሥራ ነበር። ሲጨርስ ጋሽ ይርዳው ከወንበራቸው ቀስ ብለው ተነሱ።

«ያልሠራልህስ፣ ልጄ?»

መሐመድ ኑር መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔንና ወረቀቴን አየ። ለዚህ ጉባኤ ያዘጋጀሁት ንጹሕ፣ ዓምድ የሌለው ወረቀት ነበር።

«የለም፣ ጋሼ» አለ። «ሁሉም ሠርቶልኛል።»

ጋሽ ይርዳው ተቀመጡ። ከሱ በኋላ አራት ሰዎች ተናገሩ። የአንዳቸውም ነገር አልተበላሸም። እኔም እንዳሉት ጻፍኩ።